ለገና የታዘዘ ሹራብ

በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ከአንደኝነት ዝቅ ብዬ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ለመኩራራት ነው። አምቦ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ የምረቃ ሜዳሊያዬ ተሰቅሏል። አባቴ አቶ ጉርሙ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ዓይናቸውን ወደ ሜዳሊያው ልከው ይጠብቃሉ። እንግዳው ካልጠየቀ ሳል ይጀምራቸዋል።

በስታቲስቲክስ ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። የሥራዬ ጠባይ ሌሎች ሰዎች ያልሠሩትን በመቶኛ መግለጽ ነው። በዚህ ሙያ ማንም አይስተካከለኝም ነበር፤ ችግሩ የመጣው እኔም እንደ ሰው በእጄ አንድ ነገር ልሥራ ብዬ ሹራብ የጀመርኩ ዕለት ነው።

የጀመርኩት ኔትወርክ በተቋረጠባቸው ወራት ነው። ከመቋረጡ በፊት አንድ የሹራብ ትምህርት ቪዲዮ ስልኬ ላይ አውርጄ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልወረደም። አስተማሪዋ ክሩ መርፌው ላይ እንዴት እንደሚጀመር፣ እያንዳንዷ ዓይን፣ ማለትም የክር ቀለበት፣ ከቀጣይዋ ጋር እንዴት እንደምትያያዝ በትዕግሥት ታሳያለች። ከዚያ ፈገግ ብላ «አሁን ደግሞ ሥራችንን የምንጨርስበትን መንገድ» ስትል ምስሉ ይቆማል፤ አፏ እንደተከፈተ ትቀራለች። እኔም መጀመርን በሚገባ ተማርኩ፤ መጨረስን ግን አልተማርኩም። የመጀመሪያ ሥራዬ የሆነው ስካርፍ በዚህ ምክንያት ረዘመ። ተሰጥኦ ስላለኝ አይደለም የረዘመው፤ እንዴት እንደሚዘጋ ስላላወቅሁ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ሙሉወርቅ አንድ ቀን ጫፉን ከሶፋው ሥር ስባ አወጣችና ዘርግታ አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ለአንድ አንገት ነው ወይስ ለቀበሌው?»

«በሂደት ላይ ነው፣ እማዬ።»

«ሂደቱስ ገባኝ፤ መድረሻው ነው ያልገባኝ።»

በመጨረሻ በስፌት መርፌ ጫፉን ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁትና ተጠናቀቀ አልኩ። ከዚያ በኋላ ለእናቴ ካልሲ ሠራሁ፤ አንዱን ስጨርስ ዕውቀቱ ስለተገኘ ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው ብዬ ተውኩት። ለቢሮ ባልደረባዬ ለጥሩሰው ደግሞ ቆብ ሠራሁለት። ጥሩሰው ቆቡን አናቱ ላይ አስቀመጠው፤ ቆቡም እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ፤ ወደ ጆሮው የመውረድ ሐሳብ አልነበረውም። «ሃዋኒዬ፣ ቆቡ ልክ ነው፤ እኔ ነኝ የበዛሁት» አለኝ።

በጎ ቃል ያገኘሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከኤቢሳ። ኤቢሳ ጊንጪ ተቀምጦ ጭልሞ ደን ውስጥ የሚሠራ የደን ባለሙያ ነው። ያንን ማለቂያ የሌለው ስካርፍ አንገቱ ላይ ደጋግሞ ጠምጥሞ፣ የቀረውን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ፣ «ለጭልሞ ጠዋት እንዲህ ያለ ነው የሚያስፈልገው» ሲለኝ፣ ይህ ሰው ከእጄ እንዳያመልጥ ብዬ ወሰንኩ። እርሱም በበኩሉ እንደዚያው ወስኖ ኖሮ፣ ከፋሲካ በኋላ አባቱን ሊያስተዋውቀኝ ወደ ሸነን ወሰደኝ።

የኤቢሳ እናት ካረፉ ቆይተዋል። አባቱ ኦቦ ቀጀላ ብዙ የማይናገሩ፣ የተናገሩትንም የማይደግሙ ረጅም ገበሬ ናቸው። ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር። ኦሮምኛ እንደምችል፣ እንዲያውም በትምህርት ቤት በኦሮምኛም አንደኛ እንደነበርኩ በትሕትና ነግሬያቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ የተማረ ሰው ማክበር ማለት ለእርሳቸው በዘመናቸው የቢሮ ቋንቋ ማናገር ነበር።

የልጃቸውን ስካርፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አዩት።

«ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ማለቂያ የለውም።»

እንደ ምስጋና ወሰድኩት። ምስጋና ደግሞ ሲደርሰኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ ወዲያው የበለጠ ካልተመሰገንኩ ዕረፍት የለኝም።

«ለእርስዎም ሹራብ እሠራልዎታለሁ» አልኩ።

ኦቦ ቀጀላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ብርድ ይመታኛል። ለገና ቢደርስልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ለገና? ለገናማ አያሳስብዎ!» አልኩ። ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ በዚያ ላይ የታኅሣሥ ውርጭ ለደረት እንደማይበጅ አውቃለሁ። ከሰባት ወር በላይ ጊዜ የተሰጠው ሰው ለምን አይኩራራ?

ስንመለስ ኤቢሳ ደስታው ከፊቱ ላይ አልጠፋ አለ። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ወደ ወላጆቼ እንዲልኩ ከአባቱ ጋር ተነጋግሯል። «ቃል የሚያከብር ሰው ይወዳሉ» አለኝ። «ያንን ሹራብ ከለበሱ፣ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው ናቸው የሚያጣድፏቸው።»

እኔም እንደ ባለሙያ ሥራውን በዕቅድ ጀመርኩ። ገና የሚውለው ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ሩብ የሚዘጋው ደግሞ በማግሥቱ። ከዚህ የተሻለ መገጣጠም ከየት ይመጣል? በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጀርባው፣ በሁለተኛው ፊቱና ሁለቱ እጅጌዎች እንደሚሠሩ በሠንጠረዥ አሰፈርኩ፤ ሠንጠረዡን ቀለም ቀባሁት። አመድማ ክር ገዛሁ። እስከ ሰኔ መጨረሻ አንዲት ዓይን መርፌው ላይ አልወጣችም፤ ሆኖም የዝግጅት ምዕራፉ ስለተጠናቀቀ የሹራቡ አፈጻጸም ሃያ በመቶ ደርሷል ብዬ ራሴው አቅርቤ ራሴው አጸደቅሁ።

ሐምሌ ገባ። የዚያ ዓመት ዝናብ ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚያበቃ ሳይሆን፣ ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚብስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ ኦቦ ቀጀላን አገኘኋቸው። ትከሻቸው ላይ ላስቲክ ጣል አድርገው የሸነንን መኪና ይጠብቃሉ፤ ያስላሉ። እጅ ነሥቼ በዣንጥላዬ ላስጠልላቸው ብሞክርም ቁመቴ አላደረሰኝም፤ ዣንጥላው ጆሯቸው ሥር ቀረ።

«ሹራቤስ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ገና ነው እኮ፣ አባባ!» አልኩ በፈገግታ።

«እኮ!» አሉ፤ እጃቸውን ከላስቲኩ ሥር አውጥተው ወደ ሰማይ ዘረጉት፤ ዝናቡ መዳፋቸው ላይ ይወርዳል። «ገና ነው እንጂ! ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ገናን ነዋ!»

ኦቦ ቀጀላ እጃቸውን መለሱ።  ከዣንጥላዬ ጫፍ የሚወርደው ውኃ አንገታቸው ውስጥ ይገባል።

«ገናን ትጠብቂያለሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ አባባ። በዕቅድ ነው የያዝኩት።»

«እሺ» አሉ። «የተማረ ሰው ያውቃል።»

መኪናቸው መጣና ሄዱ። እኔም የሰውየው ትዕግሥት እየገረመኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አማቴ የሚሆኑት ሰው ዕቅድ የሚያከብሩ መሆናቸውን ለእናቴ ሁሉ ነገርኳት።

ነሐሴ እኩሌታ ላይ ኤቢሳ ደወለ። ድምፁ የተለመደው አልነበረም።

«ሃዋኒ፣ አባባን ምን ብለሻቸው ነው?»

«ምን አልኳቸው?»

«ሽማግሌ አልልክም ብለዋል። ‘ወይ ታፌዝብኛለች፣ ወይ ጤና የላትም፤ ለሁለቱም ሽማግሌ አይላክም’ ነው ያሉት።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ማንም ሰው ጤና የላትም ብሎኝ አያውቅም፤ ትዕቢተኛ ብለውኛል፣ እርሱን ግን እንደ ማዕረግ ነው የቆጠርኩት። «እኔ? ምን አድርጌ?»

«ዝናብ እየወረደባት፣ ዝናብ እጠብቃለሁ አለችኝ ይላሉ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም! ሹራቡ የት ደረሰ አሉኝ፤ ገናን እየጠበቅሁ ነው አልኳቸው። ለገና አድርሺልኝ ያሉት ራሳቸው! ገና ታኅሣሥ ነው፤ ገና አራት ወር አለኝ!»

 ኤቢሳ በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይሰማበት እንደሚፈራ ሆኖ ጠየቀኝ።

«ሃዋኒ፣ በኦሮምኛ ገና ማለት ምንድን ነው?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ፤ እንደዚያች እንደ ቪዲዮዋ አስተማሪ አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ገና በኦሮምኛ ክረምት ነው። ይህን በምዕራብ ሸዋ የሚኖር የአንደኛ ክፍል ሕፃን ያውቃል። በጋው ቦና፣ ክረምቱ ገና። ኦቦ ቀጀላ ደረታቸውን የሚመታቸው የክረምቱ ብርድ ነው፤ ሹራቡን ለክረምት ነበር የፈለጉት። እኔ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ መሐል ዣንጥላ ዘርግቼ፣ ክረምቱ ገና አልገባም፣ እስኪገባ እየጠበቅሁ ነው ብያቸዋለሁ። በዕቅድ ነው የያዝኩት ብዬም አክዬበታለሁ።

ኤቢሳ መሳቅ ጀመረ። ሊያስረዳቸው እንደሚችል ነገረኝ። «አትንገራቸው» አልኩት። ሹራብ ሳይኖር ማብራሪያ ብቻ ይዞ መቅረብ ቢሮ ውስጥ የየዕለት ሥራዬ ነው፤ እዚያ ምን ያህል እንደሚታመን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የነበረኝን ሀብት ቆጠርኩ፦ ቀለም የተቀባ ሠንጠረዥ፣ ክር፣ የጀርባው ታችኛ ጠርዝ። ክረምቱ ሊወጣ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ታክሲ ውስጥ፣ የዳቦ ሰልፍ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራሁ። በዓመታዊ የአፈጻጸም ግምገማ ላይ ጠረጴዛ ሥር ደብቄ ስሠራ ልቃቂቱ ከጭኔ ወርዶ ተንከባለለ፤ አለቃችን እየተናገሩ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ክሩ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። ንግግራቸውን አቁመው ወደ ታች አዩ። ጥሩሰው ከወንበሩ ሳይነሳ «አለቃ፣ አይንቀሳቀሱ፤ የሃዋኒ ፕሮጀክት ውስጥ ገብተዋል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የዓመቱ ምርጥ ፈጻሚ ተብዬ ልሸለም የታሰበው በዚያው ስብሰባ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ሆዱ አካባቢ አንዲት ዓይን አምልጣ ትንሽ ቀዳዳ ጥላ መሄዷን አየሁ። የቀድሞዋ ሃዋኒ ብትሆን ሁሉንም ፈትታ እንደገና ትጀምር ነበር። ረጅም ጊዜ ቀዳዳውን አየሁት፤ እርሱም አየኝ። አልፌው ሄድኩ። ወደ ጳጉሜ ስንደርስ ፊቱና ጀርባው አልቀው ተጋጠሙ፤ እጅጌ ግን የለም። እጅጌዎቹን ጨርሼ ልሂድ ብል ዝናቡ ያበቃል፤ ዝናቡ ሳያበቃ ልሂድ ብል ሥራው ጎደሎ ነው። ጎደሎ ሥራ ለማንም አስረክቤ አላውቅም፤ ፈተና ላይ እንኳ ሰዓት ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ከእጄ የሚነጥቁኝ በጉልበት ነበር። የኦቦ ቀጀላ ሳል ግን ከመናኸሪያው ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋም። ጎደሎውን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ኤቢሳን ጊንጪ ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። ጥቁር እንጪኒን አልፈን ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተያዘ፤ እኛም ወርደን ገፋን። ሸነን የደረስኩት ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ርሼ ነው፤ ደረቅ የነበረው በላስቲክ የጠቀለልኩት ሹራብ ብቻ ነበር። ኦቦ ቀጀላ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

«ዛሬ ሩፋኤል ነው» አሉ። «የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው። ግቢ፣ ተባርከሻል።»

ገባሁ። በኦሮምኛ አስረዳለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ የተዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አንዷም ዓረፍተ ነገር አልወጣ አለች። «አባባ፣ እኔ ገና ሲሉኝ... የልደት በዓል ነው የመሰለኝ። ታኅሣሥ። የአማርኛው ገና።»

 ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳል መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

«እኔ እኮ አማርኛ የተናገርኩት ላንቺ ብዬ ነው!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«እኔም በአማርኛ የሰማሁት ለእርስዎ ብዬ ነው!»

«ስንከባበር ልንጣላ ነበር በይኛ።»

ጥቅሉን ፈቱት። ሹራቡን ወደ ብርሃን አነሡት፣ አገላበጡት፣ በቀኝ በኩል ባለው የእጅጌ ቀዳዳ እኔን አዩኝ፣ በግራው በኩልም አዩኝ።

«እጁ የታለ?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ምክንያት አጥቼ አላውቅም፤ የክሩን ጥራት፣ የመብራት መቆራረጥን፣ የመሥሪያ ቤት ጫናን በቅደም ተከተል መደርደር እችል ነበር። «አልደረሰልኝም» አልኩ። «ዝናቡ ሳያበቃ ደረትዎ ላይ ይዋል ብዬ ነው እንዲሁ ያመጣሁት።»

አጠለቁት። አንገቱ ጠቦ ጆሯቸው ላይ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ ገባ። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። እጅጌዎቹን ለመግጠም ሹራቡን ይዤ ልመለስ ብላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«ዝናብ ሳያባራ ከላዬ አይወርድም። እጁን እዚያው ሠርተሽ ላኪ።»

ሽማግሌ ስለመላክ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ የማይገባኝ ነገር መኖሩን በዚያ ዕድሜዬ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መስቀል አለፈ። ጥቅምት ገባ። ኤቢሳ ሲደውል ስለ አየር ሁኔታ እናወራ ጀመር። እጅጌውን ስሠራ እጄ ይፈጥናል፤ ልልክ ያሰብኩ ዕለት ደግሞ ምን ብዬ እንደምልክ ይጠፋኝና ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። እናቴ እያየች እንዳላየ ታልፍ ነበር።

በኅዳር አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። መሪያቸው ኦቦ ቦጂያ የሚባሉ የሸነን ሰው ነበሩ። በወጉ መሠረት እኔ ጓዳ ገባሁ፤ እናቴም ከጎኔ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። አባቴ «ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌዎቹም በወጉ መሠረት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

«ሁለት ነገር ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «አንደኛው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ለኤቢሳ እንድትሰጡን ነው። ሁለተኛው፣ የወዳጃችን የቀጀላ እጅጌ እዚህ ቤት ቀርቷልና እርሱንም እንድትሰጡን ነው።»

አባቴ ስለ ሹራቡ ብዙ አያውቁም ነበር፤ ሆኖም መምህር አይደናገጥም። «ስለ ልጃችን ከዘመድ መመካከር አለብን» አሉ። «ቀን እንሰጣችኋለን።»

«ስለ ልጅቷ ተመካከሩ፤ ደንብ ነው። ስለ እጅጌው ግን ምክር አያስፈልግም። ሰውየው ክንዱ እየበረደው ነው የላከን።»

አባቴ ወደ ጓዳ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሃዋኒ! ይሄ እጅጌ የሚሉት የት ደረሰ?»

 እናቴ አየችኝ። ሥራው ጭኔ ላይ ነበር። «ሰባ አምስት በመቶ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ በጥሩ ድምፅ ሲነገር ማንም የማይጠይቀው ቁጥር ነው። ለእኔም፣ ለአባቴም ክብር ይስማማል። የሸነኑ ደጃፍና እነዚያ የታጠፉ ክንዶች ትዝ አሉኝ።

«አንዱ ክርኑ ላይ ደርሷል» አልኩ በበሩ ስንጥቅ። «ሁለተኛው አልተጀመረም። አንዱንም ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።»

 ኦቦ ቦጂያ ለጓደኞቻቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ፤ አንደኛው ሳቅ አለ። ከዚያ በአማርኛ ለአባቴ፣ «ቀጀላ አንድ ነገር ብቻ አዝዞን ነበር» አሉ። «‘ጠይቋት፤ እውነቱን ከነገረቻችሁ ቁጭ በሉ፣ ካሳመረችላችሁ እንደቆማችሁ ተመለሱ’ ብሎ ነው የላከን።»

ወንበሮቹ ሲሳቡ፣ ከዚያም ሦስት ከባድ ሰዎች አንድ በአንድ ሲቀመጡ ተሰማኝ።  የቤቱ ልጅ እንደመሆኔ እንግዳ ማስተናገድ የእኔ ድርሻ ስለሆነ ክሩን ላስቀምጥ ስል፣ እናቴ እጄን ያዘች፤ የምግቡን ትሪ ራሷ አነሣችው።

«እኔ አቀርባለሁ» አለችኝ። «አንቺ ክርኑ ላይ ነሽ። ቀጥዪ።»